ለአባዬ የማይነበበው ወረቀት

አሰላ፣ ጥር መባቻ

ጎበሳ ላለችው እናቴ ይድረስ።

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ተሻለሽ? የአባዬ ዓይን ሞራው ተገፈፈ ወይስ አሁንም «ከበዓሉ በኋላ» እያለ ቀጠሮ ያስተላልፋል? ላሟስ ወለደች? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አለሁ ማለት ካስኬደ አለሁ። እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ውርጭ የጓሮዬን ጎመን አንድ ሳያስቀር አጠቆረው፤ እኔም የሰው ጓሮ ይመስል ቆሜ አየሁት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርማችሁ አይቀርም። አባዬ ጆሮው ከደከመ ወዲህ ያለ ስፒከር አያወራም፤ እሱ ሲያወራ ደግሞ ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። የእኔ ነገር በስፒከር የሚወራ አይደለም። ረጅምም ነው፤ አንዴ ሰምተውት የሚያዝ አይሆንም። የጎረቤቴ የራቢያ ወንድም፣ አብዶ የሚባለው፣ በመኪና የጎበሳን መስመር ስለሚሠራ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። እንደ ወትሮው አንቺ አንብቢ፣ አባዬ ይስማ።

ኤልሮኢን የቀበርን ቀን ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠሽ «የልጅ ልጄን ምን በላብኝ?» እያልሽ ታለቅሺ ነበር። አንዷ ምች ነው አለችሽ፣ ሌላዋ ቡዳ ነው አለችሽ፤ አንቺም ዞር ብለሽ ጎረቤቴን ራቢያን አየሻት። እሷም አይታሻለች እማዬ። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ልጁን የምትይዝልኝ፣ ሌላ ሰው መንካት የፈራውን ቁስሉን ለብ ባለ ውሃ የምታጥብልኝ እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሬን አታንኳኳም። እኔው ሄጄ ለምን እንደቀረች ብጠይቃት «ያ ረቢ፣ ዓይኔ እንዲህ የሚበላ ቢሆንማ ባሌን አስቀድሞ በበላልኝ ነበር» ብላ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ይቅርታ ልትጠይቂያት ይገባል፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ።

መልሱ መጥቷል። አዲስ አበባ ያየችን ዶክተር ናዝሬት፣ ልጁ በሕይወት እያለ ከእሱም ከእኔም ከአባቱ ከበእውቀቱም ደም ቀድታ ውጭ አገር ልካ ነበር። ውጤቱ ከልጁ ሞት በኋላ ደረሰ፤ የእኛ ነገር መቼም እንዲህ ነው። በእውቀቱ አጨዳ ላይ ስለሆነና ኮምባይነር እየጠገነ ከሥሩ ስለማይወጣ ብቻዬን ሄድኩ።

እንደምታስታውሱት በተወለደ በሳምንቱ ገላው ላይ መግል የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት። ቀጥሎ እግሩ አበጠ፣ ጎድኑ አበጠ። ሲያቅፉት ይጮኻል፣ ሲያስተኙት ይጮኻል። ሐኪሞቹ ደሙን ባዩ ቁጥር ነጭ የደም ሕዋሱ ከልክ በላይ በዝቷል፤ ጀርም ግን የለም። መግሉንም ይመረምራሉ፣ ጀርም የለም። ያም ሆኖ አንቲባዮቲክ ይሰጡታል፤ ሌላ ምን ይስጡት? እኛም ጠበል ወሰድነው። መድኃኒቱም ጠበሉም የሌለ ጠላት ሲያባርሩ ከረሙ።

አባዬ፣ አንተ «በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ» ማለት ስለምትወድ እሞክራለሁ። የጎደለው አንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስል ምስርና እንቁላል ማለቴ አይደለም፤ እማዬም «እንቁላል ስጪው ስልሽ» እንዳትይ። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራቸው፣ በዓይን የማይታዩ፣ እርስ በርስ እየተያያዙ ሥራ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ነገሩ ያለው ከማን ጋር ተያያዘ የሚለው ላይ ነው። በሕዋሳችን ገጽ ላይ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ። ኢንተርሉኪን አንድ የሚባለው መልእክተኛ ፕሮቲን መጥቶ ይይዘዋል፤ ሦስተኛ ፕሮቲን ይደረብባቸዋል፤ ሦስቱ ሲገጥሙ «ጠላት ገብቷል፣ ተነሱ» የሚል ትእዛዝ ወደ ውስጥ ያልፋል። ትኩሳቱ፣ እብጠቱ፣ መግሉ የዚያ ትእዛዝ ሥራ ነው። ብግነት ይባላል። ቁስል ያለ እሱ አይድንም፤ የሚያቆመው ካጣ ግን ባለቤቱን ይፈጃል።

የሚያቆመው ፕሮቲን አለ። መልኩ መልእክተኛውን ይመስላል። ቀድሞ ሄዶ እዚያው ተቀባይ ላይ ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ግን እንዲደረብ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ትእዛዝ አያልፍም። አባዬ፣ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ስትነዳ ጋቢናህ ውስጥ አንድ ትርፍ ወንበር ነበረህ። ነገረኛ ሰው ከተቀመጠበት እስከ ወደቡ ድረስ ሲያጣድፍህና ሲያበሳጭህ ይሄዳል። ዝምተኛ ሰው ቀድሞ ከያዘው ነገረኛው አስፋልት ላይ ቆሞ ይቀራል። የዚህ ፕሮቲን ሥራ ይኸው ነው፣ ቦታውን ይዞ ዝም ማለት። ኤልሮኢ እሱ ጨርሶ አልነበረውም። ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነገረኛው ወንበሩን ለብቻው ያዘው።

እና ማንም አልበላውም፤ የገዛ ሰውነቱ ነው የበላው። መድኃኒት የለውም ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አለው። ያው የጎደለው ፕሮቲን ተሠርቶ በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይወጋል። እኛ ዘንድ ግን አይገኝም። ዶክተሯ «አውቀነው፣ አግኝተነው ቢሆን ኖሮ በቀናት ውስጥ ይለወጥ ነበር» አለችኝ። ይህን ለምን እንደነገረችኝ አላውቅም፤ እውነት ስለሆነ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ ስለ ሕዋስ ሳስተምር መሃል ላይ ቃል ይጠፋኛል፤ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁኛል። ልጆቹ ከእኔ የተሻለ ይሉኝታ አላቸው።

ከየት መጣ ለሚለው፣ ለዚያ ፕሮቲን ሁላችንም ሁለት ሁለት ቅጂ ይዘን እንወለዳለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበቃል፤ ሰው ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ይሞታል። እኔ አንድ የተበላሸ አለኝ፣ በእውቀቱም አንድ የተበላሸ አለው። ኤልሮኢ ሁለቱንም የተበላሹትን ወሰደ። ከአራት ልጅ ለአንዱ የሚደርስ ዕጣ ነው። በእውቀቱ ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «ሦስቱ ደህና ናቸው ማለት ነዋ» አለ።

ለአባዬ ይህ ይበቃዋል።

*

እማዬ፣ ይህን ወረቀት ለብቻው ያጠፍኩት አንቺ ብቻ እንድታነቢው ነው። አባዬ ምንድን ነው ካለሽ የሴት ጉዳይ ነው በይው፤ የሴት ጉዳይ ሲባል ከብቶቹን ለማየት ብድግ ብሎ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ።

ዶክተሯ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ እኔና በእውቀቱ ዘመዳሞች እንደሆንን ነው። አይደለንም አልኳት፣ ኮራ ብዬ። አባቴ የሁሩታ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሯል አልኳት። ያን ቀን እንዴት አምሮበት እንደነበር ታስታውሺያለሽ። አዲስ ጋቢውን ደርቦ፣ ከመንዝ የመጡትን አያት ቅድመ አያቶቹን ስም በስም እየጠራ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ አንዱንም ሳይደግም። ቀጥሎ የበእውቀቱ አጎት ቆጠረ። አንድም ስም አልገጠመም። ሽማግሌዎቹ ንጹሕ ነው አሉ፣ ጠላ ተቀዳ። አንቺ ጓዳ ነበርሽ።

ዶክተሯ ሰምታኝ ስታበቃ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። የምንገጥመው እዚያች የተበላሸች ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን ጥንት የተገናኘ ዘር ነው ብለን እናልፈው ነበር አለች። እኔና በእውቀቱ ግን የምንገጥመው ብዙ ቦታ ላይ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች እንሆን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ከዚያም ይቀርባል» አለችኝ። ከዚያ አንቺ በሕይወት እንዳለሽ ጠየቀችኝ። ስለ አባቴ ምንም አልጠየቀችም።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ከአጎት ልጅ የሚቀርበው ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ የማስተምረው ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ ግን መኪና ውስጥ ሲመላለስብኝ የነበረው ሰሌዳው አልነበረም። ጓሯችን ያለችው ክፍል ናት፣ እስከ ዛሬ «የባለሙያው ክፍል» የምንላት። እኔ ሳልወለድ የእርሻ ባለሙያው ጋሽ መርሻ ሚስቱንና ትንሹን በእውቀቱን ሁሩታ ትቶ ጎበሳ ሲመደብ የተከራያት። አባዬ አሰብ መስመር ላይ ወር ሙሉ ሲሰነብት «ቤቴን የሚጠብቅልኝ ሰው አገኘሁ» ይል እንደነበር ስንቴ አጫውቶናል። የወደደኝ ልጅ የመርሻ ልጅ መሆኑን ሲሰማ እንዴት እንደተደሰተ አትረሺውም። «የመርሻ ልጅ ከሆነማ ምን ማጣራት ያስፈልገዋል» ብሎ፣ ለወግ ያህል ነው የቆጠረው። ጋሽ መርሻ እንኳ ያኔ አፈር ከለበሰ ቆይቶ ነበር። በሕይወት የነበርሽው አንቺ ነሽ።

አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። በእውቀቱን እንዳላገባ ሁሩታ ሩቅ ነው አልሽ፤ ከጎበሳ ጠዋት የተነሳ ምሳውን ሁሩታ ይበላል። ሜካኒክ እጁ አይጠራም አልሽ። የሰርጌ ሳምንት ራሴን አመመኝ ብለሽ ተሸፋፍነሽ ተኛሽ። አረገዝኩ ስልሽ እልልታ ስጠብቅ «እሱ ያውቃል» ብቻ አልሽ። ክርስትናው ላይ አማቴ እትዬ አባይነሽ ልጁን አቅፈው «ቁርጥ መርሻን!» ሲሉ፣ ሕፃን ማንንም አይመስልም ብለሽ ከእጃቸው ወሰድሽው። እኔ ሞኟ፣ ባሌን የናቅሽው መስሎኝ ስንት ጊዜ አኮረፍኩሽ።

አልፈርድብሽም ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩትና እንደገና ጀመርኩ። እፈርድብሻለሁ። ስለዚያ ዘመን አይደለም። ልጅ ነበርሽ፣ ባልሽ በረሃ ለበረሃ ይዞር ነበር፤ ምን እንደሆነ፣ ወደሽ ይሁን ተገደሽ አላውቅም፣ አልጠይቅሽምም። ሰባት ቤት ስለተቆጠረበት ቀን ግን እፈርድብሻለሁ። እኔም ጓዳ አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። ሰበቡን ሁሉ ትተሽ፣ እጄን ይዘሽ፣ «አይሆንም፣ ለምን ብለሽም አትጠይቂኝ» ብትይኝ ፊትሽን አይቼ እተወው ነበር። ያን ቀን ያልተናገርሽው ለአባዬ አዝነሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ማን አዘነልኝ? ልጄ ዝም የሚል አንድ ፕሮቲን አጣ፣ እኔ የሚናገር አንድ ሰው አጣሁ። እንደዚህ ሆነን ሳለ ነው እሱ መቃብር የወረደው።

በእውቀቱ አያውቅም። የነገርኩት ግማሹን ነው፤ አንቺ ለአባዬ ያነበብሽለትን ያህል። እሱም «ሦስቱ ደህና ናቸው» የምትለዋን ይዞ ሌላ ልጅ እንውለድ ይላል። ከአጨዳ ሲመለስ የስንዴውን አቧራ ሳያራግፍ ያችኑ ነገር ያነሳል። የኤልሮኢን ልብስ ለሰው ልሰጥ ስል ለሚመጣው ይሆናል ብሎ ከእጄ ቀማኝ፤ አጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ መለሰው። እኔ መኝታ ለይቻለሁ። መጀመሪያ ሀዘን ነው ብሎ ታገሠ፤ አሁን ግን ጨንቆታል። አይቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ እንዴት በተሻለኝ። እጄን ሊይዝ ሲል እሰበስባለሁ፣ «ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። ምንም አላጠፋም። ምን ልበለው? እወደዋለሁ እማዬ፤ የሚያሳብደኝ ይኸው ነው። መውደዴን እንደ ልብስ አውልቄ የማኖርበት ቦታ የለኝም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲበላ ጆሮውን አያለሁ፣ ከዚያ መስታወት ፊት ሄጄ የራሴን አያለሁ። አብሬው መኖር አልችልም፤ ለምን እንደማልችል ደግሞ ብነግረው እኔ የተሸከምኩትን ነው የማሸክመው፣ የልጁን ሞት ጨምሬ።

ሲጨንቀው ለአባዬ ደወለለት፤ ሽማግሌ ሆኖ እንዲያስታርቀን። አባዬም ጥምቀትን አሳልፎ እንደሚመጣ ነገረኝ፣ በዚያው በስፒከሩ። አጠገቡ ነበርሽ፤ ስትስይ ሰምቼሻለሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስሽም።

ይመጣል። መሃላችን ይቀመጣል። ባልሽ ከሰው በላይ ነው ይለኛል፣ እውነቱን ነው። ልጅ የሞተባችሁ እናንተ የመጀመሪያ አይደላችሁም ይለኛል፣ ይኼም እውነት ነው። ከዚያ እግሬ ላይ ሊወድቅ ይነሳል፤ አባዬ፣ በዚያ ጉልበቱ። እሱን እምቢ ብዬው አላውቅም። ምክንያቴን ብነግረው ይሞታል። ሳልነግረው እምቢ ብለው ልጄ ጨከነች ብሎ እያለቀሰ ይመለሳል፤ ያንን አይቼ መቆም የምችል አይመስለኝም። እሺ ብለውስ? እሺ ብዬ ወዴት ነው የምመለሰው እማዬ? አንቺ ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል?

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ እንዳይመጣ አድርጊው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ሰበብ አይመልሰውም፤ ሰበብ ቢመልሰው በሰርጌ ጊዜም ይመልሰው ነበር። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ለእሱ ጥቂት መስመር ጽፌያለሁ። ካነበብሽለት ተናግረሻል ማለት ነው። ካላነበብሽለት፣ ከጥምቀት በኋላ መናኸሪያ ጋቢውን ደርቦ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሳየው አውቀዋለሁ። ያኔ ሻንጣውን እቀበለዋለሁ፣ ቤት አስገብቼ እግሩን አጥበዋለሁ፣ የሚለኝን ሁሉ እሺ እለዋለሁ። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም።

*

አባዬ፣ ይኼ ላንተ ነው።

እግዚአብሔር ዓይንህን ያብራልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ደጅህ ከብት አይጣ። ከመንገድ ስትመለስ አዋራህን ሳታራግፍ ወደ ላይ ስትወረውረኝ፣ ስወርድ ያልያዝከኝ አንድ ቀን እንኳ እንደሌለ አልረሳም። አባት ማለት ለእኔ አንተ ነህ። ሌላ አላውቅም፣ ሌላም አልፈልግም። ይህን ማንም ምንም ቢልህ ያዘው።

እንድታስታርቀን ግን እንዳትመጣ እለምንሃለሁ። እኔና በእውቀቱ አልተጣላንም። አብረን የማንኖርበትን ምክንያት እማዬ ታውቀዋለች። አጠገብህ ናት፤ ጠይቃት።

ልጃችሁ